ጋዜጣ ሲቀልድ እንዴት ይታወቃል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጋዜጣ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እኛና ጋዜጣ የምንገናኘው መስኮት ስንጠርግ ብቻ ነው፣ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ መስታወት እንደ ጋዜጣ የሚያጠራው ነገር የለም። ነገር ግን ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል አሉ» ሳይባል የሚያልፍ ቀን የለም። ምሕረት ወጣ አሉ፣ ደመወዝ ሊጨመር ነው አሉ፣ የኢቃማ ቅጣት ቀረ አሉ። ከዚህ ውስጥ ብዙው ወሬ ነው፣ ጥቂቱ እውነት ነው። አንዳንዱ ግን ወሬም እውነትም አይደለም፣ ቀልድ ነው። ጋዜጣው ራሱ ዐውቆ፣ አስቦበት፣ አንባቢውን ለማሳቅ ወይም አንዱን ለመሸርደድ የጻፈው ቀልድ። ስለ ወሬ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ስለ ጋዜጣ ቀልድ ግን እስካሁን በዚህ ገጽ ላይ አልተጻፈም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እዚሁ ጆርዳን የሆነውን ልንገራችሁ። «አል ገድ» የሚባለውን የዓረብኛ ጋዜጣ ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ አይታችሁታል፣ ትርጉሙ «ነገ» ማለት ነው። ይህ ጋዜጣ በ2010 ዓ.ም. ኤፕሪል 1 ቀን በፊት ገጹ ላይ አንድ ዜና አወጣ። ከሌላ ዓለም የመጡ፣ ቁመታቸው ሦስት ሜትር የሚሆን ፍጥረቶች በበራሪ ሳህን ተጭነው ጀፍር በምትባለው የበረሃ ከተማ አጠገብ አረፉ ይላል። ብርሃናቸው ከተማውን አጥለቀለቀው፣ የስልክ መስመር ተቋረጠ፣ ሕዝቡ ደንግጦ ወደ ጎዳና ወጣ እያለ ይቀጥላል።

ጀፍር ከአማን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ታዲያ ዜናው እዚያ ሲደርስ ምን ሆነ መሰላችሁ? ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቀሩ። የከተማው ከንቲባ ለጸጥታ ኃይሎች ደወሉ፣ እነሱም ወጥተው በረሃውን አሰሱ። የተገኘ ነገር የለም። ከንቲባው በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ 13,000 የሚሆነውን ነዋሪ ከከተማው ለማስወጣት ጥቂት ነበር የቀራቸው። ጋዜጣውን እከሳለሁ እስከማለት ደርሰው ነበር። ጋዜጣው ደግሞ ሰውን ለማዝናናት እንጂ ለማስደንገጥ አላሰብንም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ የኤፕሪል ቀልድ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ከንቲባው የተማሩ ሰው ናቸው፣ ጋዜጣው የተጻፈው በገዛ ቋንቋቸው ነው፣ የተወራውም ስለ ገዛ ከተማቸው ነው። ዜናው «ሕዝቡ ጎዳና ወጣ፣ ስልክ ተቋረጠ» ይላል። የጀፍር ሰው ግን ሌሊቱን ሲተኛ አድሮ፣ ጠዋት ተነስቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ነው ይህን ያነበበው። ስልኩም ይሠራል፣ ለዚያውም ለጸጥታ ኃይሎች የተደወለው በስልክ ይሆናላ! ያም ሆኖ የታተመው ነገር ከገዛ ዓይናቸው በለጠባቸው። የታተመ ነገር ጉልበቱ ይህን ያህል ነው። እንግዲህ የአገሩ ሰው በቋንቋው እንዲህ ከሆነ፣ እኛ በሰው አገር በሰው ቋንቋ ብንሳሳት የሚያስቅ አይደለም። ይህን የምለው «ምን ዓይነት ሞኝ ናት» እያላችሁ በአንዷ ላይ የምትስቁ ስላላችሁ ነው።

ስለ ቀኑ ልጨምር። ኤፕሪል 1 ቀን በብዙ አገር ሰው ሰውን በውሸት የሚያታልልበት ቀን ነው። አገር ቤትም «ኤፕሪል ዘ ፉል» እያልን በትምህርት ቤት እንቀላለድ ነበር። እዚህ «ኪዝበት ኒሳን» ይሉታል፣ የኒሳን ውሸት ማለት ነው፣ ኒሳን በሻም አገሮች የኤፕሪል ስም ነውና። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ «ኪዝበት አብሪል» ይባላል። የእኛ ችግር ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር መቁጠራችን ነው። ኤፕሪል 1 ለእኛ መጋቢት 23 ነው። መጋቢት 23 ደግሞ ማንም ምንም አይጠረጥርም፣ ዝም ብሎ ሁዳዴ የሚጾምበት ወይም ፋሲካ የተቃረበበት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ግድግዳችሁ ላይ የአገር ቤት ካላንደር የሰቀላችሁ መጋቢት 23ን በእርሳስ ክበቡባት።

ቀልዱ ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። በዓረብ ጋዜጦች ውስጥ የስላቅ ጸሐፊ የሚባል ሰው አለ። ሥራው መንግሥትን፣ ባለሀብትን፣ የገበያውን ዋጋ፣ የአገሩን ሰው ጠባይ መሸርደድ ነው። አንዳንዴ ነገሩን በቀጥታ ይጽፋል፣ አንዳንዴ ግን ልክ እንደ ዜና አድርጎ፣ «ሚኒስቴሩ ዛሬ አስታወቀ» ብሎ ይጀምራል። ሚኒስቴሩ ምንም አላስታወቀም። ጸሐፊው እያሾፈ ነው። ከዚህም አልፎ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ብቻ የተቋቋሙ አሉ። «አል ሁዱድ» የሚባለው በ2013 እዚሁ ጆርዳን የተጀመረ ሲሆን የሚጽፈው ሁሉ ዜና መሳይ ቀልድ ነው። በኢንተርኔት ነው የሚወጣው፣ ጆርዳን ውስጥ በ2023 ተዘግቷል። ይሁንና የጽሑፉ ፎቶ ከሌላ አገር በስልክ ቢመጣላችሁ «ጋዜጣ ነው» ብላችሁ ከማመን የሚያግዳችሁ ነገር የለም፣ መልኩ ቁርጥ ጋዜጣ ነውና።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰምና ወርቅ የኛ ነው። የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ያልሰማ ማን አለ? አለቃ ያሉትን ሰምቶ እውነት መስሎት ለአገር አስተዳዳሪ ሊያመለክት የሄደ ሰው ግን አልሰማንም። ለምን? ተናጋሪውን እናውቃቸዋለን። «አለቃ ናቸው የተናገሩት» ሲባል ጆሮአችን አስቀድሞ ለሁለት ትርጉም ይዘጋጃል። የሰው ሽሙጥ የሚታወቀው ከፊቱ፣ ከድምፁ፣ ከአመሉ ነው። ጎረቤትሽ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ስትል አመስግና ይሁን ሰድባ በድምፅዋ ትለዪዋለሽ። በጽሑፍ ላይ ድምፅ የለም። የጋዜጣው አንባቢ በድምፁ ፋንታ የሚይዘው ሌሎች ምልክቶችን ነው፦ ቀኑን፣ ገጹን፣ የጸሐፊውን ስም፣ አጠገቡ ያለውን ሥዕል። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዜና ወደ እኛ ሲመጣ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ በመንገድ ላይ ረግፈው ነው የሚመጣው።

እስቲ አንድ ዜና እንዴት እንደሚደርሰን ተከታተሉት። የማዳም ልጅ ቁርስ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እየሳቀ። ሰሐን የምታነሳዋ እህታችን ግማሹን ትሰማለች። ወደ ማድ ቤት ገብታ ስትወጣ መጨረሻው አምልጧታል። የልጁን ሳቅ ሰምታለች፣ ግን ልጁ በምን የማይስቀው አለ? ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታሰጣ በረንዳ ለበረንዳ ለጎረቤቷ ትነግራታለች፣ በአማርኛ። ሳቁ እዚያው ቀረ። ጎረቤቷ ማታ በስልክ ዛርቃ ላለችው የአክስቷ ልጅ ትነግራታለች፣ «ማዳሞቹ ራሳቸው ሲያነቡት ተሰምቷል» የሚል ተጨምሮበታል። ዓርብ ዕለት «በመንግሥት ጋዜጣ ታወጀ» ሆኖ ወደ እኛ ይመለሳል። እዩ እንግዲህ፣ በዚህ መሐል አንድም የዋሸ ሰው የለም። ሁሉም የሰማውን ነው የተናገረው። የጠፋው ቀልድ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ በእኛ በቤት ሠራተኞች ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ «ዘ ኦኒየን» የሚባል ጋዜጣ አለ፣ ስሙ ሽንኩርት ማለት ነው። በ1988 የተጀመረ፣ ከላይ እስከ ታች ቀልድ የሆነ ጋዜጣ ነው። በ2002 የአሜሪካ ምክር ቤት «አዲስ ሕንፃ፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ካልተሠራልኝ ከዋሽንግተን እለቃለሁ ብሎ አስፈራራ» ብሎ ጻፈ። የቻይናው «ቤጂንግ ኢቭኒንግ ኒውስ» ጋዜጣ ይህን ተርጉሞ እንደ እውነተኛ ዜና አተመው። አሜሪካኖች ግን ገና ርዕሱን ሲያዩ ስቀዋል። ምክንያቱም በዚያ አገር የኳስ ቡድኖች «አዲስ ስታዲየም ካልሠራችሁልን ወደ ሌላ ከተማ እንሄዳለን» እያሉ ከተማዎችን ማስፈራራታቸው የታወቀ ነው። ቀልዱ በነሱ ላይ ነበር። ቤጂንግ ያለው ተርጓሚ እንግሊዝኛውን ዐውቆታል፣ የኳሱን ነገር ግን ከየት ያውቀዋል? ቋንቋ ማወቅና የአገሩን ጨዋታ ማወቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዓረብኛ አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ እህቶቼ ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ናትና። ዓረብኛ ለማይችሉት የምትተረጉሙት እናንተ ናችሁ።

በ2009 ሁለት የባንግላዴሽ ጋዜጦች ከዚያው ከሽንኩርቱ ወስደው «መጀመሪያ ጨረቃ ላይ የወጣው ኒል አርምስትሮንግ፣ ለካስ ጨረቃ ላይ አልሄድኩም ብሎ አመነ» ብለው አተሙ፣ በኋላም ይቅርታ ጠየቁ። በ2012 ደግሞ የኢራኑ «ፋርስ» የዜና ወኪል፣ የአሜሪካ ገጠር ነጮች ከኦባማ ይልቅ የኢራኑን ፕሬዚዳንት አህመዲነጃድን ይመርጣሉ የሚለውን ቀልድ እውነት ነው ብሎ አሰራጨ። እሱም ይቅርታ ጠየቀ። የፋርስ ስሕተት ሌላም ነገር ያሳየናል፦ ሰው ደስ የሚለውን ነገር ሲያገኝ አይመረምርም። ለኢራን የዜና ወኪል ከዚህ የበለጠ ጣፋጭ ዜና የት ይገኛል? ለእኛስ ከ«ምሕረት ወጣ» የበለጠ ጣፋጭ ምን አለ?

አሁን የምነግራችሁ የሳቅ አይደለም። ስሟን አልጽፍም፣ ከተማዋንም አልጽፍም። ሁለት ዓመት የሠራች እህታችን ናት። ዓረብኛ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። የአራት ወር ደመወዟ አልተከፈላትም፣ ፓስፖርቷም ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጓደኛዋ በስልክ የጋዜጣ ፎቶ ደረሳትና አነበበችላት፦ «ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የሠራተኛውን ፓስፖርት የያዘ አሰሪ ሁሉ ይመልሳል። ያልመለሰ ደግሞ የራሱን ፓስፖርት ለሠራተኛው ያስረክባል።» ፎቶው እዚያ ላይ ያበቃል። እህታችን ቀኑን እየቆጠረች ጠበቀች። የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ጠዋት ማዳም ፊት ቆማ ፓስፖርቷን ጠየቀች፣ «ሕግ ወጥቷል» አለች። ማዳም መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ «ማን ነው የሚያስተምርሽ?» ብላ ስልኳን ቀማቻት። እህታችን ሕጉ አለልኝ ብላ በሩን ከፍታ በለበሰችው ልብስ ወጣች። ፖሊስ ጣቢያ ደርሳ ስታስረዳ እዚያ ያለው ሰው የምትለውን ሕግ አያውቀውም። ማዳም ደግሞ ቀድማ «ጠፍታብኛለች» ብላ አስመዝግባለች። አገሯ የገባችው ከሰባት ወር በኋላ ነው። የአራት ወር ደመወዟን አላገኘችም።

እኔ ያንን ጋዜጣ ፈልጌ አገኘሁት። የምሠራበት ቤት ጋዜጣ ይገባል፣ አሮጌው በረንዳ ላይ ለመስኮት ተብሎ ይቆለላል። ዓረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከቤቱ ልጆች የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን አነባለሁ። ጽሑፉ የነበረው በመጨረሻው ገጽ፣ ከካሪካቱሩ ሥዕል አጠገብ ነው። ከላይ የጸሐፊው ስምና ትንሽ ፎቶግራፉ አለ። ፎቶው ላይ ተቆርጦ የቀረው ክፍል እንዲህ ይቀጥላል፦ ማዳሟ ለእረፍት ወደ ውጭ ልትሄድ ትፈልግና ፓስፖርቷን ለማግኘት ሠራተኛዋን ትለምናለች። ሠራተኛዋም «የት እንዳስቀመጥኩት ረስቻለሁ፣ ነገ ነይ» ትላታለች። «ለራስሽ ደኅንነት ነው የያዝኩልሽ» ትላታለች። እኛ የሚባለውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሳ ለማዳሟ ትላታለች!

ልብ አድርጉ፣ ጸሐፊው የኛ ወገን ነበር። አሰሪዎችን ለማሳፈር ነው የጻፈው፣ እኔም እስከ መጨረሻው ሳነበው ብቻዬን በረንዳ ላይ ሳቅሁ፣ ከዚያም ልቤ ተሰበረ። ስለ ፓስፖርታችን በዚያ ጋዜጣ ላይ የተጻፈ ሌላ ነገር በዚያ ወር አላየሁም። ስላቅ ክፉ ነገር አይደለም፣ አንዳንዴ እውነቱ የሚጻፍበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። እህታችንን የጎዳት ቀልዱ ሳይሆን ግማሽ ቀልድ ነው።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ፓስፖርት መቀማት እኮ በዚህ አገር በእውነተኛው ሕግም የተከለከለ ነው። የጆርዳን የሥራ ሕግ በ2008 ተሻሽሎ የቤት ሠራተኞችን አካትቷል። በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ ደመወዝ በየወሩ እንዲከፈልና በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን እንዲኖር ያዝዛል። እህታችን መብቱ ነበራት። በደመወዙ ጉዳይ ወደ ሥራ ሚኒስቴር፣ ወይም በኤምባሲው በኩል፣ ያልተከፈለውን ወር ቆጥራ ብትሄድ የምትጠቅሰው ሕግ ነበር። እሷ ግን የሌለውን ሕግ ይዛ ሄደች። የሌለ ሕግ ይዞ የሄደ ሰው ያለውንም የሚሰማለት አያገኝም።

እንግዲህ ጋዜጣ ስታገኙ ምን ታያላችሁ? በመጀመሪያ አገላለጡን። የዓረብኛ ጋዜጣ የሚጀምረው ከቀኝ ነው። እኛ በአማርኛ ልማድ አንስተን ስናየው ከፊታችን የሚመጣው የኋላው ገጽ ነው። ያ ደግሞ በብዙ ጋዜጣ ካሪካቱሩ፣ ስላቁ፣ የአርቲስቶች ወሬ የሚወጣበት ገጽ ነው። ስለዚህ አንዷ «በፊት ገጽ ላይ ወጥቷል» ስትላችሁ የትኛው ፊት እንደሆነ ጠይቋት። ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው፣ ግን እውነቴን ነው። በጽሑፉ አናት ላይ የጸሐፊ ስም ከነፎቶግራፉ ካለ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አስተያየት እንጂ ዜና አይደለም። «መቃል» ወይም «ረአይ» የሚል ካያችሁ አስተያየት ነው። «ሳኺር» የሚል ካያችሁ ስላቅ ነው፣ ይህችን ቃል በዓረብኛ ፊደል የሚያውቅ ሰው ወረቀት ላይ እንዲጽፍላችሁና ቦርሳችሁ ውስጥ እንድትይዟት እመክራለሁ። «መሐሊያት» የሚለው የአገር ውስጥ ዜና ገጽ ነው፣ ስለ እኛ እውነተኛ ነገር ሲወጣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። «ቃኑን» ሕግ፣ «ቀራር» ውሳኔ ነው፣ ነገር ግን ቀልደኛውም እነዚህን ቃላት ስለሚጠቀም በነሱ ብቻ አትመኑ።

ከሁሉ የሚበልጠው እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ ወይም ማስነበብ ነው። የስላቅ ጽሑፍ ሲጀምር ኮስታራ ነው። እየቀጠለ ሲሄድ ነገሩ እየሰፋ፣ እየባሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጭራሽ የማይሆን ይሆናል። ጊንጥ መርዟ ጅራቷ ላይ እንዳለ በሉት። ታዲያ በስልክ የሚመጣው ፎቶ የሚቆረጠው የት ላይ ነው? ጅራቱ ላይ። ስለዚህ የተቆረጠ ፎቶ ሲደርሳችሁ «ቀኑና የገጹ ቁጥር የሚታይበትን ሙሉውን ላኪልኝ» በሉ። መላክ ያቃታት እንደሆነ እሷም ከሌላ ነው ያገኘችው ማለት ነው።

እውነተኛ የመንግሥት ማስታወቂያ ደግሞ የራሱ መልክ አለው፣ በአብዛኛው ደረቅ ነው። ለምሳሌ የዓረብ ኤምሬትስ በ2024 ያወጣችው ምሕረት ሴፕቴምበር 1 እንደሚጀምርና ኦክቶበር 31 እንደሚያበቃ ተነግሮ ነበር፣ በኋላ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ። ሳውዲም በ2017 ያወጀችው ከማርች 29 ጀምሮ ለ90 ቀን ነበር። የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ እነማንን እንደሚመለከት፣ የት እንደሚኬድ፣ ምን ወረቀት እንደሚያዝ ይነገራል። በአንድ ጋዜጣ ብቻም አይቀርም። ሁሉም ጋዜጦች ያወጡታል፣ የመንግሥት የዜና ወኪሎችም ይናገሩታል፤ እዚህ ጆርዳን «ፔትራ»፣ ኩዌት «ኩና»፣ ኤምሬትስ «ዋም» ይባላሉ። እዚህ ሕግ የሚጸናው ደግሞ «አል ጀሪዳ አር ረስሚያ» በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ ነው፣ በሕጉ ውስጥ ሌላ ቀን ካልተጻፈ በቀር ከታተመ ከ30 ቀን በኋላ ይጸናል። ይኼ እንደ ነጋሪት ጋዜጣችን መሆኑ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ከማዳም ጋር መጣላት፣ ሥራ መልቀቅ፣ በተለይም «ቶሎ አስፈጽምልሻለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ መስጠት አያስፈልግም። ደላላ የጋዜጣ ቁራጭ በእጁ ይዞ መዞር ይወዳል፣ አንብቡልኝ ስትሉት ግን ይቸኩላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «የማይመስል ነገር ስለሆነ ቀልድ ነው» ማለትም ሌላ ወጥመድ ነው። በ2017 ሴፕቴምበር ላይ የሳውዲ ሴቶች መኪና ሊነዱ ነው ሲባል «ይኼስ የኤፕሪል ነው» ያሉ ነበሩ። በ2018 ጁን 24 ቀን ነዱ። በእነዚህ አገሮች ያልታሰበ ነገር በአንድ ሌሊት ይታወጃል። የማይመስለውን ትታችሁ የሚመስለውን ብቻ ብታምኑ የሚጠቅማችሁም ነገር ሊያመልጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የምትጠይቁት «ይመስላል ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «የት ገጽ፣ በስንት ቀን፣ ማን ጻፈው፣ መጨረሻውስ ምን ይላል?» ብላችሁ ይሁን።

አሁን መልመጃ። ዓርብ ዕለት ሰብሰብ ስትሉ አንዷ ታንብብ፣ ሌሎቻችሁ እውነት ወይም ቀልድ በሉ። አንደኛ፦ አንድ የዓረብ መንግሥት የደስታ ሚኒስትር ሾመ። ሁለተኛ፦ በስዊዘርላንድ ገበሬዎች ከዛፍ ላይ ስፓጌቲ ለቀሙ። ሦስተኛ፦ የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን በዓለም ላይ ካሉ ወንዶች ሁሉ በቁንጅና አንደኛ ተባለ። አራተኛ፦ ሳውዲ ዓረቢያ ለሮቦት ዜግነት ሰጠች።

መልሱ ይኸው። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ የዓረብ ኤምሬትስ በ2016 ፌብሩዋሪ ወር ኡሁድ አል ሩሚ የተባሉትን ሴት የደስታ ሚኒስትር አድርጋ ሾማለች። ሁለተኛው ቀልድ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1957 ኤፕሪል 1 ቀን በቴሌቪዥን ያሳየው ሲሆን፣ ከተመልካቾቹ ውስጥ የስፓጌቲ ዛፍ እንዴት እንደሚተከል ደውለው የጠየቁ ነበሩ። ሦስተኛው የሽንኩርቱ ጋዜጣ ቀልድ ነው፣ በ2012 ግን የቻይናው የሕዝብ ዕለታዊ ጋዜጣ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ከ55 ፎቶግራፍ ጋር እንደ እውነት አውጥቶታል። አራተኛው እውነት ነው። በ2017 ኦክቶበር ወር ሪያድ ውስጥ ሶፊያ ለምትባል ሮቦት የሳውዲ ዜግነት እንደተሰጣት በአደባባይ ተነግሯል።

ይህን የመጨረሻውን ለእህቶች ሳነብላቸው ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ሃያ ዓመት እዚህ የሠራችው እትዬአችን፣ ቡናውን እየቀዳች «ኢቃማዋንስ ማን ያድስላታል?» አለች። ዜጋ ከሆነች ኢቃማ አያስፈልጋትም ብዬ ብነግራት ጀበናውን አስቀምጣ «ይኼኛው የትኛው ገጽ ላይ ነው የወጣው?» አለችኝ።